የቅዳሜው ሃምሳ አምስት ብር

«ጋሼ፣ ሃያ ስምንት ሺህ ነው ይበሏቸው» አለ ሙሉቀን። መምህር እንዳላማው ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፁን ለቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ ስለዚህ ሃያ ስምንቱ ሺህ ሳሎኑን ሞልቶ ተርፎ ማድ ቤት ድረስ ተሰማ። እሳቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲ እያጠለቁ ነበርና አንድ እግራቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሙሉቀን የእህታቸው ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ እዚሁ ቤት ነው ያደገው። ደሞዙን እንደ ራሳቸው ጡረታ ያውቁታል፤ ግብሩም ምኑም ተቆራርጦ እጁ የሚገባው አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው። «ስንት አልኸኝ?» አሉ፣ በደንብ ሰምተው ሳለ። «ሃያ ስምንት። አሁን ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ፣ ኋላ አስረዳዎታለሁ» አለና ከጀርባው አንድ ሞተር ሳይክል ሲያጓራ ተሰምቶ ስልኩ ተዘጋ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። መምህር ግን በእሑድ ማለዳ ምን ሥራ አለ ብለው ለመጠየቅ ፋታ አላገኙም፤ ሃያ ስምንቱ ሺህ ሐሳባቸውን ይዞታል።

ማድ ቤት ብርጭቆ ያጥቡ የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥላነሽ እጃቸው ቆመ። መስማታቸው ነው። ትንሽ ቆይተው ሻይና የትናንቱን ዳቦ ይዘው ወጡ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የባላቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አነሡና አጣጥፈው መልሰው ጣሉላቸው። «እንዲህ ይሻላል» ብቻ አሉ። ስለ ስልኩ አልተናገሩም፤ መምህርም አላነሡባቸውም። አርባ ሁለት ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዝም መባባሉን ከተካኑበት ቆይተዋል። መምህር ዳቧቸውን ግማሽ በልተው፣ ከዘራቸውን ከበሩ ኋላ አንሥተው ወደ መነኸሪያ ወረዱ። የኅዳር ጠዋት ነው፤ ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል።

ጉዳዩ ሽምግልና ነው። ሙሉቀን አዲስ አበባ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ይሠራል፤ እዚያው ከተማ ነርስ ከሆነችው ከማርያማዊት ጋር ከተማሪነታቸው ጀምሮ ይዋደዳሉ። እሷ የሉማሜው እህል ነጋዴ የአቶ ይስማው ሁለተኛ ልጅ ናት። ልጆቹ ተስማምተዋል፤ ያም ሆኖ ሽማግሌ ገብቶ አባት «ሰጥቻለሁ» ካላለ ነገሩ ነገር አይሆንም። በዚህ አገር ደግሞ ሽማግሌ የተላከውን ቃል አድርሶ የሚመለስ ፖስተኛ አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ የጋብቻው ዋስ ይሆናል፤ ስለ ልጁ የተባለው ሁሉ በዋሱ ስም ይቆጠራል፤ ነገ ትዳሩ ቢናጋ ልጅቱ መጥታ የምታንኳኳው የዋሱን በር ነው። የሙሉቀን ዋስ መምህር እንዳላማው ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ አሥራ አራትን ሃያ ስምንት በል ተባሉ።

መነኸሪያው በር ላይ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቀድመው ደርሰዋል። አንዱ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ነገር ሲጥማቸው የሚሰሙ፣ ሳይጥማቸው የሚደነቁሩ ብልህ ሽማግሌ። ሁለተኛው የወፍጮ ቤት ባለቤቱ አቶ ደምለው ናቸው፤ ሳቃቸው ከወፍጯቸው ይበልጣል ይባላል። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው ሐሙስ ስለሆነ ተሳፋሪው ተጨናንቋል፤ ታሪፉም በዚያው ልክ ተሰቅሏል፤ አቶ ደምለው ከረዳቱ ጋር ቢከራከሩ ሳንቲም አልቀነሰላቸውም። ሚኒባሱ ከከተማ እንደወጣ መምህር የጠዋቱን ስልክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። «ምን ችግር አለው?» አሉ አቶ ደምለው። «ለጋብቻ የተነገረ ውሸት ከውሸት አይቆጠርም። ሃያ ስምንት ካለ ሃያ ስምንት ነው። ልጁን እንዳናስቀረው።» መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔ ሐሰት አልናገርም» አሉ፤ «የሰማሁ እንደሆነ ግን እንጃ። የሚኒባሱ ድምፅ ጆሮዬን ደፍኖታል።» ከዚያ ወሬው ወደ ኑሮ ዞረ። ሙሉቀን ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ ለሆነ አንድ ክፍል በወር ዘጠኝ ሺህ ይከፍላል ሲባል ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሳታስበው «ውይ» አለች። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ለአልጋና ለበር ሄደ፤ የቀረው ለታክሲና ለአፍ ነው። አቶ ደምለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እዚያ ከተማ ሰው የሚከራየው ቤት ሳይሆን ግድግዳ ነው» አሉ።

መምህር በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል። ዓይናቸው ክምሩን ያያል፣ ልባቸው ግን ወዲያ ማዶ፣ ደምበጫ ነው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ደምበጫ ላይ ወጣት አስተማሪ ሳሉ ደሞዛቸው ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ነበር። ያን ጊዜ ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ያለው ሰው፣ ሰው ነበር። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት በስምንት ብር ተከራይተው ይኖራሉ፤ በሃያ አምስት ሳንቲም እንቁላል ይዘው ይገባሉ፤ ለፋሲካ በግ ሲገዙ የወሩ ደሞዝ አይናጋም። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር። ጥላነሽ ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን አመሻሽ ላይ አልጋው ላይ ቆማ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ ጮክ ብላ ግድግዳውን ታነብላቸው ነበር፤ ወሬው የሁለት ዓመት አሮጌ ቢሆንም ሁለቱም እንደ አዲስ ይሰሙታል። አንዳንዱ ዜና መጨረሻው በምስማር ስለተበሳ እሷ ከራሷ ትጨርሰዋለች። እንደዚያ የሳቁበት ዘመን አልነበረም። ዛሬ ሳሎናቸው ቀለም ተቀብቷል፣ ሶፋም ገብቶበታል፤ የሚነበብ ነገር ግን የለበትም።

ነገር ግን ያ ሁሉ ደስታ ከሥሩ አንድ ውሸት ነበረበት። ጉንደ ወይን ድረስ ሄደው ጥላነሽን ከአባቷ የለመኑላቸው አያ ዘመንፈስቅዱስ የሚባሉ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ነበሩ። አባትየው «ደሞዙስ?» ሲሏቸው ዓይናቸውን ሳያሹ «ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት» ብለው መለሱ። ሙሽራው ይህን የሰማው በሠርጉ ዋዜማ ነው፤ ደንግጦ ሽማግሌው ዘንድ ቢሄድ «መንግሥት ጭማሪ ያደርግ የለም እንዴ? እኔ አስቀድሜ ጨመርሁልህ» አሉት። ጭማሪው ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ሙሽራው ግን ከሚስቱ ፊት ውሸታም ሆኖ መገኘትን ሞት አድርጎ ስላየው ቅዳሜ ቅዳሜ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ለገበያተኛ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረ፤ አንዱን በአንድ ብር። የወሰን ክስ፣ የጠፋ በሬ፣ የተወሰደ መሬት። ወር ሲያልቅ ሃምሳ አምስቱን ሞልቶ፣ ከደሞዙ ጋር ደባልቆ በፖስታ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ብር ለሚስቱ ያስረክባል። የት ዋልህ ስትለው «ስብሰባ» ይላል፤ ያን ጊዜ ስብሰባ የሌለበት ቀን ስላልነበር ማንም አይጠረጥርም። ይህ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሳቸው ግን በየቅዳሜው እየከበደ ሄደ። ደብረ ማርቆስ ከተዛወሩ በኋላም እግራቸው አልለቀቀም፤ ማመልከቻውን ኮምፒውተር ከቀማቸው ስንት ጊዜው፣ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው፤ ዛሬም ቅዳሜ ሲሆን ጋቢያቸውን ለብሰው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ሄደው ይውላሉ። ምን እንደሚሠሩ ቢጠየቁ አያውቁም።

የአቶ ይስማው ቤት ሉማሜ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። የፊት ክፍሉ መጋዘን ስለሆነ እንግዳ የሚገባው በጤፍ ጆንያ መሐል ተሽሎክልኮ ነው፤ የእህሉ አቧራ ጉሮሮ ይከረክራል። ከውስጥ ያለው ሳሎን ንጹሕ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቁጭ በሉ ቢባሉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አቶ ይስማው አጭር፣ ሰፊ መዳፍ ያላቸው ሰው ናቸው፤ እንግዳ እያነጋገሩም ከኪሳቸው ያወጧትን ቁንጣሪ ጤፍ በጣታቸው መሐል ያሻሉ። መሪጌታ መረቁ፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። አቶ ደምለው የሙሉቀንን ጠባይ፣ ትምህርት፣ ቁመት ሳይቀር አወደሱ። በመጨረሻ አባትየው ተቀመጡ አሏቸውና ሁሉም ተቀመጠ። አንዲት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት የእጅ ውሃ ይዛ ገባች። ትልቋ ልጃቸው የኔአለም ናት። ሁለት ሕፃናት ከቀሚሷ ኋላ ተከትለዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ደሞዙስ?» አሉ አቶ ይስማው።

«ሃያ ስምንት ሺህ» አሉ አቶ ደምለው፣ ከመምህር ቀድመው። መሪጌታ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የኔአለም የአባቷን እጅ ልታስታጥብ ጆጉን አዘንብላ ነበር፤ ውሃው ቆመ። አቶ ይስማው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት፤ እሷ አላየቻቸውም። አባትና ልጅ በዚያች ቅጽበት ምንም ሳይነጋገሩ ብዙ ዘመን የቆየ ክርክር የሚቀጥሉ ይመስላሉ። «ይህችን አያችኋት?» አሉ አባትየው ቀስ ብለው። «እሷንም አዲስ አበባ ነው የሰጠኋት። እንደ እናንተ ያሉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ የሚያምሩ ሽማግሌዎች መጡ። አርባ ሺህ ነው አሉኝ። ይኸው ባገባች በሰባት ዓመቷ ከሁለት ልጆቿ ጋር ጓሮ ቤት ገባች። ባለፈው አንድ የሰፈር ልጅ ከስልኩ አነበበልኝ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ደልቶት ለመኖር በወር ስድሳ ሺህ ያስፈልገዋል ይላል። እኔ ስድሳ አልጠየቅሁም። ሃያ ስምንትም አልጠየቅሁም። የእህል ነጋዴ ነኝ፤ ከላይ ጥሩውን ከታች ገለባውን አድርገው ያመጡልኛል፤ እጄን ጆንያው ውስጥ ካልከተትሁ አልገዛም።» ከዚያ ወደ መምህር ዞሩ። «ዋሱ እርስዎ ነዎት አሉኝ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

መምህር እንዳላማው የሙሉቀን ፊት መጣባቸው፤ ስድስት ዓመቱ ሆኖ በፌስታል ልብሱን ይዞ ቤታቸውን የረገጠ ቀን። ሃያ ስምንት ቢሉ ልጁ የሚወዳትን ያገባል። አንዲት ቃል ናት። እሳቸውም ያገቡት በዚያች ዓይነት ቃል ነው። ነገር ግን ዓይናቸው የኔአለም እጅ ላይ አረፈ፤ ጆጉን ይዛ እንደቆመች ናት፤ የምትጠብቀው ለእህቷ ነው። «አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ» አሉ። አቶ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርስዎስ ሲያገቡ ስንት ነበርዎ?» አሉ አቶ ይስማው።

አንዴ እውነት የለመደ አፍ አልመለስ አለ። «ሁለት መቶ ሠላሳ ነበረኝ። ሽማግሌዬ ግን ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት አሉ» አሉ መምህር፤ ከዚያም ዋርካውን፣ ማመልከቻውን፣ ፖስታውን፣ ስብሰባውን ሁሉ ተናገሩት። አርባ ሁለት ዓመት ለማንም ያልነገሩትን ነገር ሉማሜ ላይ፣ በጤፍ ጆንያ ማዶ፣ ለማያውቁት ሰው ዘረገፉት። መሪጌታ ጆሯቸው ድንገት ተከፈተ። አቶ ይስማው በአፍንጫቸው ሳቁ፤ «ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አሉ። «አያውቁም» አሉ መምህር። አባትየው በጣታቸው የያዟትን ጤፍ መሬት ጣሏት። «እንግዲያው ልጠይቅዎት። ሽማግሌ ጠየቅሁ፣ ዋሸኝ። ደሞዝ ጠየቅሁ፣ እሱም ዋሸኝ። አሁን የኖረችበትን ሴት ልጠይቅ። ቤትዎ ይግቡና ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። ሁለት መቶ ሠላሳ ነው ቢባሉ ኖሮ ይመጡ ነበር ወይ ይበሏቸው። የዛሬ ሳምንት እሑድ ቃላቸውን ይዘው ይምጡ። የሳቸው ቃል የእኔም መልስ ነው።»

መልስ ሳይገኝ እህል አይቀመስምና ሽማግሌዎቹ እንደተራቡ ወጡ። መምህር ከሁሉም ኋላ ሆነው በጆንያዎቹ መሐል ሲያልፉ የኔአለም ተከትላ ደረሰችባቸው። «ጋሼ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች፤ «ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤት አይገኝም ነበር እንጂ።» ይህን ብላ ተመለሰች። መምህር ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባቸውም። በመልስ ጉዞው አቶ ደምለው አኩርፈው ከኋላ ወንበር ለብቻቸው ተቀመጡ። መምህር ደግሞ ሽማግሌ ሆነው ወጥተው ተከሳሽ ሆነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መሰላቸው። በስተርጅና ሚስት ፊት ቀርቦ፣ ያ ሁሉ ዘመን ያስረከብሁሽ ደሞዝ ደሞዝ አልነበረም ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ብታዝንስ? አልመጣም ነበር ብትልስ? የዚያ ግድግዳ ሳቅ፣ የዚያ የጋዜጣ ንባብ ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። የልጁ ትዳርም አብሮ ሊሄድ ነው። ሚኒባሱ ደብረ ማርቆስ እንዳይደርስ ጸለዩ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ሲጸልዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወይዘሮ ጥላነሽ በረንዳ ላይ፣ የአሥር ሰዓት ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። «ምን አሉ?» አሏቸው። መምህር ከዘራቸውን አስደግፈው ከጎናቸው ዱካ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ከአያ ዘመንፈስቅዱስ። ሲናገሩ ሰፌዱን እንጂ የሚስታቸውን ፊት አላዩም። ጣቶቹ ጠጠር እየለዩ ይሄዳሉ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ሲባልም አልቆሙም፣ ዋርካው ሲነሣም አልቆሙም። መምህር ሲጨርሱ ወይዘሮ ጥላነሽ አንዲት ጠጠር አንሥተው ወደ ግቢው ወረወሩ።

«የደሞዝ ከፋዩ ሚስት ጎረቤቴ አልነበረችም እንዴ?» አሉ። «ከገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ቦኖ ውሃ ስንቀዳ የአስተማሪውን ሁሉ ደሞዝ በየስሙ ነገረችኝ። አባቴ ነው ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት እንዳለ የሞተ። ደስ ይለው ስለነበር አልነገርሁትም።»

«ታዲያ ቅዳሜውንስ?» አሉ መምህር።

«አይቼሃለሁ። ገበያ ስወጣ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጉልበትህ ላይ ደብተር ዘርግተህ። ሌላዋ ሴት ከባሏ ጋር ገበያ ትወጣለች፤ እኔ አንተን ከሩቅ አይቼ፣ ያየኸኝ እንደሆነ እንዳታፍር ብዬ በታችኛው መንገድ እዞር ነበር። በዘንቢል ሽንኩርት ተሸክሜ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜም።» ሰፌዱን አንዴ አንቀረቀቡት። «ትልቁ ልጃችን መጀመሪያ በእግሩ የሄደው ቅዳሜ ነው። ማታ ስትመጣ ሄደ ብልህ ‹አሳዪኝ› አልህ፤ እሱ ግን ተኝቶ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሃምሳ አምስት ብር ሰጠኸኝ። ብሩ መጥፎ አልነበረም፤ የዚህ ቤት ቆርቆሮ የዚያ ብር ነው፣ ዝናብ አስገብቶብኝ አያውቅም። እኔ ግን ሃምሳ አምስቱን ብር አልጠየቅሁህም ነበር። ቅዳሜህን ነበር የምፈልገው።»

መምህር ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩት፤ ዝጓል። ያ ዘመን በትዝታቸው ውስጥ ሲመላለስ የኖረው ግድግዳ የሚነበብበት ምሽት ሆኖ ነው፤ ቅዳሜዎቹን እሳቸው ዋርካ ሥር ስለዋሉ የቤቱን ቅዳሜ አያውቁትም። «ለምን ዝም አልሽ?» አሉ። «አንተስ ለምን ዝም አልህ?» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ፤ ያለ ቁጣ ነው የተናገሩት። ቅር ያላቸው ነገር ካለም አርጅቶ ለስልሷል። መምህር የኔአለም ያለችው አሁን ነው የገባቸው። ያ ባልም አርባውን ሺህ ሊሞላ ሲሮጥ ይሆናል ቤቱን የረሳው።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ሙሉቀን ነው። ድምፁ ተለቀቀ፤ ሞተሩ አሁንም ከጀርባው ያጓራል። «ጋሼ፣ ምን አሏችሁ?» አለ። «እውነቱን ነገርኋቸው» አሉ መምህር። «እውነቱማ ሃያ ስምንት ነው» አለ ልጁ፣ ድምፁ ወርዶ። «ሞተር ተከራይቼ ምግብና ዕቃ አደርሳለሁ። በሥራ ቀን ማታ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ። ሲቀናኝ ሌላ አሥራ አራት ሺህ አገኝበታለሁ። ጠዋት ላስረዳዎት ነበር።» ወይዘሮ ጥላነሽ ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ማርያማዊት ታውቃለች?» አሉ።

«አታውቅም እትዬ። ተረኛ ነኝ ነው የምላት። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ጥላነሽ ባላቸውን ቀና ብለው አዩአቸው፤ መምህር አቀረቀሩ። ሁለቱም የሰሙት ስብሰባ የሚለውን ቃል ነው። «ስማኝ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ፤ «ዛሬውኑ ሂድና ንገራት። አሥራ አራቱንም፣ ሃያ ስምንቱንም፣ ቅዳሜና እሑዱንም። ደሞዙ በዝቶ ባሏ ቤት የማይገኝ ይሁን፣ ደሞዙ አንሶ ባሏ ቤት የሚገኝ ይሁን፣ እሷ ትምረጥ። ራሷስ ነርስ አይደለችም? ደሞዝ አላት፤ አብራችሁ አስቡት። ጋሼህ እሑድ ሉማሜ የሚሄዱት የእሷን ቃል ይዘው ነው።» ሙሉቀን «እሺ እትዬ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። አጥፍቶት ይሆናል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ፀሐይዋ ከበረንዳው ጫፍ መሸሽ ጀምራለች። «አቶ ይስማው የጠየቁት ያንቺን ቃል ነው እኮ» አሉ መምህር። «እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ። «የጠየቃችሁት አባቴን ነው፤ አባቴ ሰጠ። እኔ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ሲባል ሰማሁ እንጂ፣ አንቺስ ያለኝ ሰው አልነበረም።» መምህር ከዱካው ተነሡ። ለምን እንደተነሡ ለራሳቸውም አልገባቸውም፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ ጠዋት ሉማሜ ላይ እንደቆሙት ሚስታቸው ፊት ቆሙ። «ይኸው አሁን ጠየቅሁሽ» አሉ። «ሁለት መቶ ሠላሳ ነው። ሌላ የለኝም። ትመጪ ነበር?»

ወይዘሮ ጥላነሽ ሰፌዱን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከጥርሳቸው መሐል አንድ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል መለሱት፤ ግድግዳውን ስታነብ የነበረችው ልጅ ፊት ለቅጽበት ታየች። «ሽማግሌ በመጣበት ቀን መልስ አይሰጠውም» አሉ።

«ታዲያ መቼ ልመለስ?»

«ቅዳሜ ና» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ፣ ምስራቸውን መልቀም እየቀጠሉ። «ስብሰባ አለብኝ እንዳትል።»